ዳማው የተጫነ ዕለት

እልል ማለት ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ምላስ ብቻውን አይበቃም፤ ትንፋሽ ይፈልጋል፣ እፍረት ማጣትም ይፈልጋል። እኔ የተማርኩት የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለው የቀርከሃ ጫካ ውስጥ ነው። ያስተማረችኝ እናቴ ወርቅአየሁ ናት፤ ያዘዘኝ ግን ታላቅ ወንድሜ ዓለምነው ነበር።

ቤታችን ከአዲስ ቅዳም ወረድ ብሎ፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚሄደው የመኪና መንገድ ከሚታይበት ኮረብታ ላይ ነበር። ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። አባቴ አዝመራው ይባላል፤ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ነበር፤ ስለ እርሻው ከሚያወራው ግን ስለ ፈረሱ የሚያወራው ይበልጥ ነበር። ፈረሱ መልኩ ዳማ ነው፣ ስሙም ዳማ ነው። እናቴ «ይኸ ሰው ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ የሚያወጣው ፈረሱን ነው፣ ቀጥሎ ኮርቻውን ነው፣ ከዚያ እኛን ካስታወሰ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ዓለምነው ስምንተኛን ዳንግላ ጨርሶ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። እዚያ ከዘመድ ቤት ተጠግቶ፣ ውኃ እየቀዳና እንጨት እየፈለጠ ሲማር ቆይቶ በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰ። ከመንደራችን ያን ያህል የዘለቀ ማንም አልነበረም። አባቴ ዳኛ እንዲሆንለት ይመኛል፤ የእናቴ ወንድም አጎቴ ደጉ የወረዳ ጸሐፊ ቢሆን ይሻላል ባይ ነው። እናቴ ምንም ይሁን፣ ብቻ ይምጣ ትላለች። እሱ ራሱ መንገድ ቀያሽ መሆን እንደሚፈልግ የነገረው ለእኔ ብቻ ነበር።

ለፋሲካ መጣ። ሱሪው አጥሮበታል፣ ድምፁ ጎርንኗል። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦኝ ዓመቱ ሲያልቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ምን ምን እንደሚያደርጉ አጫወተኝ። ማትሪክ የሚባል ፈተና ከአዲስ አበባ ታሽጎ፣ በፖሊስ ታጅቦ ይመጣል አለኝ። ከፈተናው በፊት ሁሉም ኮት ለብሶ ፎቶ ይነሣል። ኮቱ የአንድ መምህር ነው፤ ከረባቱም አንድ ነው፤ አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ያጠልቃል። ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ ስንቅ ቋጥረው በታንኳ ጣና ላይ ይንሸራሸራሉ።

«ታንኳ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የደንገል ፈረስ ነው። ውኃ ላይ ይጋልባል።»

አባቴ ከእሳቱ ማዶ ተቀምጦ ይሰማ ኖሮ፣ «የኔ ፈረስ እንግዲህ ከደንገል አይደለም» አለ። «የጨረስህ ለት ዳማን በአያትህ ግላስ እጭነዋለሁ። ከመኪናው መንገድ እስከ ደጃፌ እሱ ላይ ሆነህ ነው የምትገባ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ ፊት ፊትህ ይጋልባል።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ፈረስ መቀመጥ ረስቻለሁ።»

«ፈረሱ አንተን አልረሳህም።»

ግላሱን አንድ ጊዜ፣ በዘመድ ሠርግ ላይ አይቼው ነበር። በቀይና በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ፣ ከኮርቻው ሥር ተዘርግቶ የፈረሱን ጎንና ጎን የሚያለብስ ጌጥ ነው። ከሣጥን የሚወጣው ለደስታ ቀን ነው ብዬ አምን ነበር፤ ሌላ ቀን ሲወጣ አላየሁማ።

ሊሄድ ሲል ዓለምነው ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ ስሜን ጠርቶ፣ «ይታይሽ፣ የመጀመሪያዋ እልልታ ያንች ናት። ማንም እንዳይቀድምሽ፣ እናታችንም ብትሆን» አለኝ። በዚያው ቀን እናቴን እጇን ይዤ ወደ ቀርከሃው ጫካ ጎተትኳት። መጀመሪያ እንደ ሳል ነበር የሚወጣኝ። እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ከዚያ እሷ ታቀልጠዋለች፣ እኔ እከተላለሁ። ሰኔ ሲገባ እልልታዬ ማዶ ካለው ኮረብታ ይሰማ ነበር።

ዓለምነው ፈተናውን ጨርሶ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ በጭነት መኪና እንደሚመጣ ተነግሮን እናቴ ቤቱን አተራመሰችው። ብቅሉ ተፈጨ፣ ጌሾው ተወቀጠ፣ ጋኖቹ ታጠኑ። ለእኔ አዲስ ቀሚስ ተሰፋልኝ። አባቴ ማታ ማታ ልጓሙን በአመድ እየፈተገ ያበራዋል፣ ጎረቤቶችም እያለፉ «ደርሷል አይደል?» ይላሉ፤ እናቴም «ደርሷል፣ ደርሷል» ትላለች።

ቅዳሜ ሳይደርስ፣ በሳምንቱ አጋማሽ፣ መምህር አየነው የሚባሉ አስተማሪ ከአዲስ ቅዳም መጡ። እሳቸው አገውኛ አይችሉም። ቤታችን የሚወራው ደግሞ በአገውኛ ነው፤ እናቴ ከአማርኛ የምታውቀው ቅቤ የምትሸጥበትን ያህል ነው። እኔ ግን ዓለምነው እያስተማረኝ ትንሽ ትንሽ ለቃቅሜ ነበርና፣ አባቴ እንግዳውን በራፋችን ላይ ወዳለው ኮሶ ዛፍ ሥር ሲወስዳቸው ተከተልኩ። ስለ ወንድሜ ትምህርት ነው፣ በትምህርት ቋንቋ ነው የሚያወሩት፣ እኔም እሰማለሁ ብዬ ኮራሁ።

መምህር አየነው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። በዝግታ ነው የሚናገሩት። ጣና አሉ፤ ታንኳ አሉ፤ ጓደኞቹ አሉ። ንፋስ አሉ፤ ንፋስን አውቀዋለሁ። መሐል ያለው አመለጠኝ። መጨረሻ ላይ «ኮቱና ፎቶው ተልኮልኛል፣ እኔ ቤት ነው ያለው» አሉ። ይህን አንድም ሳይቀር ሰማሁት።

አባቴ በርከክ ብሎ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። እንዴት ያለ ባለጌ ነው፣ እንግዳ አቁሞ እሱ ይቀመጣል እንዴ ብዬ አፈርኩበት። ከዚያ ግን የያዝኩት ወሬ አላስቀምጥ አለኝና ወደ ቤት በረርኩ።

«እናቴ! አያ ዓለምነው ታንኳ ላይ ወጣ! ውኃ ላይ ጋለበ! ፎቶውም መጥቷል!»

እናቴ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ ወጣች። ፊቷን ዛሬ ድረስ አየዋለሁ። «ኮት ለብሶ?» አለችኝ፤ «አዎ ኮት ለብሶ» አልኳት። ሮጣ ሄዳ የመምህሩን ጉልበት ልትስም ጎነበሰች፤ እሳቸው ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹ። እሷ በቅቤ መሸጫ አማርኛዋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ በአገውኛ «ፎቶውን አሳዩኝ እንጂ!» አለችው።

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ለቅዳሜ ይቆይ» አላት። «ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ታዪዋለሽ።»

እናቴ እንግዳዋን ሳታጠጣ አልሰደደችም። መምህር አየነው ጠላውን ቆመው ጠጡት፤ ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። የተማረ ሰው ጠላ መጠጣት አይችልም ብዬ ሳቅሁ።

ታንኳው የተገለበጠው ሰኞ ዕለት ነበር። አራት ተማሪዎች ነበሩበት፤ ሦስቱ የሐይቅ ዳር ልጆች ናቸው፣ ዋኝተው ወጡ። የእኛ ወንዝ ከጉልበት አያልፍም፤ ዓለምነው መዋኘት ከየት ይማረው? ሬሳውን በታንኳ ቢፈልጉ እስከዚያ ቀን አላገኙትም። አባቴ ያን ሁሉ እኮሶው ሥር ሰምቶ ነው «ለቅዳሜ ይቆይ» ያለው።

በአገራችን መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ከያለበት ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳል። እናት ብቻዋን እንዳትሰማው፣ የሚይዛት እንዳታጣ ነው ይላሉ። ደግ ልማድ ነው ይላሉ። እኔ እንጃ። የእናቴ ዘመዶች ከግምጃ ቤት ከተማና ከጥሊሊ እስኪደርሱ፣ ሬሳውም ምናልባት እስኪገኝ፣ እናቴ ጠላዋን ስትጠምቅ ሰነበተች። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። እየመጣ አገዛት።

ጎረቤታችን እትዬ ውቢት ጠዋት መጥታ እስከ ማታ አትሄድም ነበር። እናቴ ጋኑን ስትቆጥር፣ «ጨምሪበት ወርቅአየሁ፣ ሰው ይበዛል» አለቻት።

«ኧረ ተይኝ! ለአንድ ተማሪ ይኸ ሁሉ?»

«ይበዛል አልኩሽ። ጨምሪ።»

እናቴም በደስታ ጨመረች። ሴቶቹ ከበዋት ይፈጫሉ፣ ይለቅማሉ፤ እሷ ጎጆውን በዘፈን ስትሞላው አንዳቸውም አይቀበሏትም። «ዘንድሮ ምን ዘጋችሁ?» ትላቸዋለች። አንዷ ተነሥታ ትወጣለች። እኔም እከተላትና ከአጥሩ ሥር ተደፍታ አገኛታለሁ፤ ጢሱ ነው ትለኛለች። በዚያ ሳምንት የመንደራችን ሰው ሁሉ ዓይኑን ጢስ ይዞት ነበር።

ወንዶቹ ዳስ ጣሉ። አባቴ ወደ ገበያ ሲሄድና ሲመለስ ዳማን እየሳበ በእግሩ ነው፤ ለታላቁ ቀን ጉልበቱን እያጠራቀመለት መስሎኝ ሰውን ሁሉ ይህንኑ ነገርኩ። አንድ ጊዜ ጋጣው ውስጥ አገኘሁት። ግንባሩን ዳማ አንገት ላይ አስደግፎ ቆሟል፤ ዳማም አይነቃነቅም። ምን እያለው ነው ብዬ ተጠግቼ አዳመጥኩ። ምንም አይለውም።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔም ዳንግላ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ፣ እናቴ ጠላ አይጠመቅ፣ ፈረስም አይጫን ብላ ከለከለች። እትዬ ውቢት ያን ጊዜ ነው ነገሩን ከሥሩ ያወራችልኝ። «ምን እናድርግ፣ እህሉማ ያስፈልግ ነበር። ለቅሶ ያለ እህል ይሆናል?» አለችኝ። እናቴ ያን ሳምንት ለእሷም ለአባቴም ይቅር ሳትል ሞታለች።

ዓርብ አመሻሽ ላይ እትዬ ውቢት «ከእኛ ጋር እደሪ» ብላ ቤቷ ወሰደችኝ። «እንግዳ ሞልቷል፤ ቦታ የለም» አለች። አዲሱን ቀሚሴን በጉያዬ ይዤ ሄድኩ። ጎሕ ሲቀድ ከእኛ ቤት በኩል ጩኸት ሰማሁ። ብዙ ድምፅ ነው፣ አንዱ ሌላውን እየዋጠ። ከእንቅልፌ ተፈናጥሬ ተነሣሁ።

«መጣ! አያ ዓለምነው መጣ! ቀደሙኝ!»

የእትዬ ውቢት ልጅ አምሳለ፣ ጉብል ናት፣ ወገቤን ይዛ አልለቅ አለችኝ። «ገና ነው፤ ቆይ፤ ገና ነው» ትላለች። «እያለቀስሽ ነው» አልኳት። «አዎ» አለችኝ፤ ጢሱ ነው እንኳ አላለችም። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ እልልታዬን ሰው ወሰደብኝ ብዬ። ቀሚሴን አልብሳ ጠጉሬን ቅቤ ቀባችኝ። ረፋድ ላይ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ በአጥሩ ሾልኬ አመለጥኩ።

ከቤታችን በታች ባለው ሜዳ ላይ ያን ያህል ሰው አይቼ አላውቅም። ያካፋል። ሣሩ በፈረስ ኮቴ ተቦክቷል። ፈረሰኞች ከዳር እስከ ዳር ይጋልባሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይጋልባሉ፤ አባቴ ቃሉን ጠበቀ ብዬ ልቤ ዘለለ። ጠብመንጃ የያዙት አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቀውታል፤ ዝናብ እንዳይገባበት ነው አልኩ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ወደ ላይ ይዘላሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ። እንዲህ ያለ ጭፈራ አላውቅም ነበር፣ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጭፈራ እንዴት እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? አንዲት ሴት ከመሐል ቆማ በአገውኛ ትገጥማለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፦

«ኮት የለበሰው፣ ቀለም የጠገበው፣
እንግዳ ሞልቷል፣ ና ተቀበለው።»

እኔም ና፣ ና፣ አልኩ በሆዴ።

ያኔ ዳማን አየሁት። የአያቴ ግላስ ቀይና አረንጓዴው በዝናቡ ደምቆ ጎኑና ጎኑ ላይ ወርዷል። ልጓሙ ያብረቀርቃል። ኮርቻው ላይ ጥቁር ኮት፣ ቁልፎቹ ተቆልፈው፣ እጅጌዎቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ተቀምጧል፤ ከፊቱ ፎቶው ታስሯል። ዓለምነው ነው። ከረባት አጥልቆ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ሳቅ ሊያመልጠው ያለ ይመስላል። ልጓሙን የያዘው አባቴ ጠጉሩን ተላጭቷል፤ ለክብሩ ነው አልኩ። ፈረሱ ላይ ሰው አለመኖሩን አይቻለሁ። ግን ዓለምነው ፈረስ መቀመጥ ረስቻለሁ ብሎ አልነበር? በእግሩ ከኋላ እየመጣ ይሆናላ።

ማንም እልል አላለም። ያን ሁሉ ሰው አልፌ፣ የአንዱን እግር የሌላውን ቀሚስ እየገፋሁ፣ ከፊት ካለች ድንጋይ ላይ ወጣሁ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ትንፋሼን ሳብኩ። እልልታዬን አቀለጥኩት።

ፈረሶቹ ቆሙ። ገጣሚዋ አፏን ከፍታ ቀረች። አጎቴ ደጉ ከኋላዬ መጥቶ በሰፊ መዳፉ አፌን አፈነኝ። «ዝም በይ አንች! ምን አባሽ ሆነሽ ነው?» አለኝ።

እናቴን ያየኋት ያኔ ነው። ሁለት ሴቶች ብብትና ብብቷን ይዘዋታል። ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል፣ ጠጉሯ ተበትኗል፣ ጉንጮቿ ተቧጭረው ደምተዋል። ቀርከሃው ጫካ ውስጥ የወደቀች መሰለኝ።

«ተዋት» አለችው ወንድሟን። ድምፅ የሚባል አልቀረላትም። «እሱ ያዘዛትን ነው ያደረገችው። ከኔ ጋር ነው የተለማመደችው።»

አጎቴ እጁን አነሣ።

«ይታይሽ፣ ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት። የፊተኛው ጥሩ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ከዚያ ይበልጣል፣ ቀርከሃው ጫካ ውስጥ እንኳ እንደዚያ ወጥቶልኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ እየሰማኝ ነበር። ስጨርስ እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ የምትለውን ባሏን ያን ቀን አንተ አለችው።

«አዝመራው፣ ለልጄ ምን ብለኸው ነበር? ከመንገዱ እስከ ደጃፌ አላልክም?»

«ብያለሁ» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ዳማው ባዶውን እደጄ አይመጣም። ልጅቱን አውጣት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም፤ ያን ያህል እኔም ዛሬ አውቃለሁ። ተው የሚላት ግን አልተገኘም። አባቴ ኮቱን ከኮርቻው አነሣ፣ ብብቴን ይዞ ወደ ላይ ሰቀለኝ፣ ኮቱንም ከላዬ አለበሰኝ። እጅጌው ከጉልበቴ በታች ወረደ። ኮቱ የባሕር ዳሩ መምህር ነበር፤ ዓለምነው የለበሰው ለአንድ ፎቶ ያህል ነው።

ሜዳውን አቋርጠን ወደ ቤት ወጣን። ከላይ ሆኜ የሁሉንም አናት አያለሁ። ፈረሰኞቹ ወርደው ፈረሶቻቸውን እየሳቡ በእግራቸው ተከተሉን፤ ሴቶቹ ዓይናቸውን እኔ ላይ እንዳሳረፉ ያለቅሳሉ። በሠርግ ላይም የደስታ ለቅሶ ይለቀሳል። እኔ ኮርቼ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። መንገዱ ሲታየኝ ዞር እያልኩ የጭነት መኪናውን እጠብቃለሁ።

ደጃፋችን ስንደርስ ነገሩ ከነከነኝ። የሰው ቦታ ይዣለሁ። ጎንበስ ብዬ በአባቴ የተላጨ ራስ ላይ እጄን አኖርኩ።

«አባባ፣ አያ ዓለምነው ሲመጣ እወርድለታለሁ።»

አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። ልጓሙን አጥብቆ ያዘ።

«እሺ ልጄ» አለኝ። «ሲመጣ ትወርጅለታለሽ።»